ዕቃው ቢለወጥ ኪዳኑ ይኖራል
(በአሶሳና በአካባቢው ስላሉት የሥርዓት ዕቃዎች በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ ምጣኔ ሀብትና ስለ ሕግ ሲነገር ቆይቶ ዛሬ ስለ ገንቦና ስለ ቅል መነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ የወረደ ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ሃይማኖትና ሕግ፣ እርቅና ዝምድና የሚያርፍበትን ስፍራ ፈልጉ ብንባል፣ ከመጽሐፍ ቀድመን የምናገኘው አንድ ዕቃ ነው፤ የሚቀዳበት፣ የሚጠጣበት፣ እህሉ የሚጠበቅበት ዕቃ። የዛሬው ንግግሬም ስለዚህ ነው፤ በተለይም በአሶሳና በጠቅላላው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አገር ስለሚገኘው።

የምከራከርለትን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሥርዓት ዕቃ ክብሩን የሚያገኘው ከተሠራበት ጭቃ ወይም ወርቅ አይደለም፤ ሰዎች በዙሪያው ከገቡት ኪዳን ነው። ስለዚህም ዕቃው ቢለወጥ ኪዳኑ ሊኖር ይችላል። በሠሪውና በባለቤቱ ላይ ንቀት ሲገባ ግን ዕቃው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በክብር ቢቀመጥ እንኳ ኪዳኑ ይሞታል። ይህን በምሳሌ ላስረዳ።

በቤታችን ከምናውቀው እንነሣ

የጽዋ ማኅበር ባለበት ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። በወሩ በቅዱሱ ቀን ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ከበላና ከጠጣ በኋላ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛውም ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የዚያ ጽዋ የገበያ ዋጋ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተቀበለው ሰው ግን ቢቸገርም ተበድሮ፣ ቢታመምም ለቤተሰቡ አዝዞ፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሶ መጠበቅ አለበት። ውል ሳይጻፍ፣ ምስክር ሳይቆጠር፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ ብዙ ሰው ታስራለች።

በወሎ የዱዓ ቡና ሲፈላም ነገሩ ይኸው ነው። ጀበናው፣ ሲኒው፣ ማጨሻው በየቦታቸው ይቀርባሉ፤ ዱዓውና ምርቃቱ በነሱ ዙሪያ ይደረጋል። ጎረቤት የተጣላ እንደሆነም በዚያው በቡናው ዙሪያ ይታረቃል። በሱዳንና በሌላውም የአፍሪቃ የእስልምና አገር ደግሞ በሎሕ ላይ የተጻፈው የቁርኣን ቃል በውሃ ይታጠብና ውሃው በዕቃ ተጠራቅሞ ለበሽተኛ ይሰጣል። እዚያ ላይ ዕቃው የሚይዘው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ቃልንም ይይዛል።

እንግዲህ ከነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ዕቃው ለተወሰነ ቀን ወይም ለተወሰነ ተግባር ተለይቶ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ሲሞላ ለአንድ ሰው ብቻ አይሞላም፤ ለብዙዎች ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ስለ ዕቃው የሚጠየቅ አደራ ተቀባይ አለው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ኪዳን እላቸዋለሁ። አሁን ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ምዕራብ እንሂድ።

ሦስት ዕቃዎች ከምዕራቡ ቆላ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሱዳን ወሰን የተዘረጋ፣ ዓባይ መካከሉን ሰንጥቆ የሚያልፍበት አገር ነው። በክልሉ ሕገ መንግሥት ነባር ተብለው የተጠቀሱት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው፤ ከነሱም ጋር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም ይኖራል። በአሶሳ ዙሪያ ያለው በርታ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ከጉሙዙ መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ የአባቶቹን እምነት ይዞ የሚኖርም አለ። በዚህ እምነት ሬባ ከሚሉት አምላክ ሌላ ሙሳ የሚባሉ መናፍስት አሉ። እነዚህም በቤት፣ በጎተራ፣ በእርሻ፣ በዛፍና በተራራ ያድራሉ ተብሎ ይታመናል። ሥርዓቱን የሚመሩት አዋቂዎች ጋፊያ ይባላሉ።

አንደኛው ዕቃ የጠላው ጋን ነው። የጉሙዝ ዋና እህል ማሽላ ነው። ከማሽላው ንጋ የሚሉት ገንፎ ይገነፋል፤ ኬያ የሚሉት ጠላም በትልልቅ የሸክላ ጋን ይጠመቃል። ያለ ጠላ ደቦ አይወጣም፤ ለቅሶም ሠርግም ያለ እርሱ አይሞላም። በምዕራቡ ቆላ ባሉት ብዙ መንደሮች ደግሞ ሰዎች አንዱን ጋን ከበው ይቀመጡና በረዣዥም መምጠጫ ከአንዱ ዕቃ ይጠጣሉ። ይህን የመጀመሪያ ጊዜ ያየ የከተማ ሰው ስለ ንጽሕና ያስብ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ሕግ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። ከአንድ ጋን አብሮ የሚጠጣ ሰው ለራሱ ብቻ ቀድቶ ዞር ማለት አይችልም። የጠላውን መጠን ሁሉም ያየዋል፤ ማን እንደቀረም ይታወቃል። በደጋው አገር በሌማት ዙሪያ የምናደርገውን፣ እነርሱ በጋን ዙሪያ ያደርጉታል።

ሁለተኛው ዕቃ ጎተራው ነው። ጎተራን ከዕቃ የሚቆጥረው ማን ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎተራ የዕቃዎች ሁሉ ታላቅ ነው። እህሉን ከምስጥና ከዝናብ ጠብቆ ከመኸር እስከ መኸር ያደርሳል። ጉሙዞች በጎተራ ውስጥ መንፈስ ያድራል ማለታቸው እንዲያው በከንቱ አይደለም፤ የቤተሰቡ ነፍስ ያለችው እዚያ ነውና። በአንዳንድ መንደር ጎተራውንና ጋኑን በጭቃ በተሠራ የሴት ጡት ያስጌጡታል፤ ሴቶች በገላቸው ላይ የሚያወጡትን የንቅሳት ጠባሳ የመሰለ ምልክትም ያደርጉበታል። ትርጉሙን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። የምታጠባ እናትና እህል የሚሰጥ ጎተራ አንድ ናቸው። ዕቃው ሰው ነው፤ ስለዚህም እንደ ሰው ይከበራል።

ሦስተኛው ዕቃ የበርታ ዋዛ ነው። በአማርኛችን ዋዛ ስንል ቀልድ ማለታችን ነው፤ ለበርታ ሕዝብ ግን ዋዛ ቁም ነገር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ረዣዥም ቅሎች ውስጣቸው ይቦረቦራል፣ ጫፋቸው ይቆረጣል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ይቀጠላል፣ ተደግፎም ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ እንደ መለከት ይነፋል። ትንሽም ትልቅም አለ፤ የሰው ቁመት የሚያህልም ይገኛል። አሥር ያህል ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዋዛ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱም ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው አንዱ ዝም ሲል ሌላው እየተቀበለ ነው። ብቻውን ቆሞ ዋዛ ልንፋ የሚል ሰው ዜማ አያገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት በጆሮ መስማት የፈለገ ሰው ዋዛን ይስማ።

ቅል ዕቃ ነው፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ ዘር ይቀመጥበታል። ዋዛ ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ይያዝበታል። በቀድሞው ሥርዓት ዋዛ ከመኸር ጋር የተያያዘ ነው። ዘሩ መሬት ውስጥ ባለበት ወራት ይቀመጣል፤ አዝመራው ሲደርስ ይወጣል። ሦስቱ ምልክቶች እንዴት እንደ ተሟሉ ተመልከቱ። ተለይቶ ይቀመጣል፤ ለብዙዎች ይደርሳል፤ ጊዜውን የሚጠብቅ ባለ አደራም አለው። ዛሬ ዋዛ በየበዓሉ መድረክ ላይ በማንኛውም ወር ይነፋል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ድምፁ መሰማቱ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ወራቱ የሚጠይቅ ተመልካች ከጠፋ፣ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ወድቋል ማለት ነው።

ከዮሩባ አገር የሚገኝ ትምህርት

አሁን ከአገራችን ወጣ ብለን ወደ ምዕራብ አፍሪቃ እንሻገር። ምክንያቱም ለያዝነው ጥያቄ፣ ማለት ዕቃው ሲለወጥ ኪዳኑ ምን ይሆናል ለሚለው፣ ከሁሉ የተሻለ ምስክር የሚሆነን የዮሩባ ሕዝብ ነው።

ዮሩባዎች የሚኖሩት በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያና በጎረቤቷ በቤኒን ነው። በጥንቱ እምነታቸው ዓለምን የሚመስሏት በተዘጋ ቅል ነው፤ የላይኛው ክዳን ሰማይ፣ የታችኛው ምድር። ኢፋ በሚባለው የጥበብ ሥርዓታቸው አዋቂው የሚጠቀምባቸው አሥራ ስድስት የዘንባባ ፍሬዎች፣ በተቀረጸ የእንጨት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኤሪንሌ ለሚሉት የወንዝ መንፈስ ደግሞ ክዳኑ እንደ ዘውድ የተሠራ የሸክላ ዕቃ አለው፤ በውስጡም ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይና ውሃ ይቀመጣል። በኦሾግቦ ከተማ በየዓመቱ በነሐሴ ወር ገደማ በሚደረገው የኦሹን በዓል፣ አሩግባ የምትባል ልጃገረድ በጨርቅ የተሸፈነ ቅል በራስዋ ተሸክማ ወደ ወንዙ ትሄዳለች፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ይከተላታል። ቅሉ ውስጥ ያለውን የሚያይ የለም። ሁሉም የሚያየው ተሸካሚዋን ነው። የኦሹን ቅዱስ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የኤሪንሌን ዕቃ ከሚሠሩት መካከል አባታን የምትባል የኦኬ ኦዳን ሴት ነበረች። ሮበርት ፋሪስ ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ስለ እርስዋና ስለ ሥራዋ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። በዚህም ምክንያት ዛሬ የአባታንን ስም እናውቃለን። በዓለም ሙዚየሞች ከተደረደሩት የአፍሪቃ ሸክላዎች ስንቱ ነው የሠሪዋ ስም የተጻፈበት? አብዛኛው ላይ የሚነበበው የአገሩ ስም፣ ቁመቱና የተገኘበት ዓመት ብቻ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በኩባ የሆነው ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት፣ የኦዮ መንግሥት ሲወድቅ፣ ብዙ ዮሩባዎች ተማርከው በባርነት ወደ ኩባ ተወሰዱ። በመርከብ ሲጫኑ እጃቸው ባዶ ነበር። የኤሪንሌን ሸክላ ይዞ የተሳፈረ፣ የኦሹንን ቅል የተሸከመ የለም። ነገር ግን በኩባ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የመናፍስቱን ድንጋዮች የሚያስቀምጡበት አዲስ ዕቃ አገኙ። ይህም ስፔኖች በገበታቸው ላይ የሚያቀርቡት ባለ ክዳን የሾርባ ሳሕን ነው፤ ሶፔራ ይባላል። የጌቶች ቤት የሾርባ ዕቃ የባሪያው መቅደስ ሆነ። ባርነት በኩባ እ.ኤ.አ. በ1886 ቀረ፤ ሶፔራው ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ሸክላው ወደ ሸክላ ሳሕን፣ ቅሉ ወደ ፖርሴሊን ተለወጠ። ሦስቱ ምልክቶች ግን አልተለወጡም። ሶፔራው ከሌላው የቤት ዕቃ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ማኅበሩ በዙሪያው ይሰበሰባል፤ ባለ አደራም አለው። ዕቃው ቢለወጥ ኪዳኑ ይኖራል ያልኩት ስለዚህ ነው።

የእኛን አገር ባርነትም እናስታውስ

በኩባ ስለ ሆነው ስናዝን፣ በእኛው አገር የሆነውን መርሳት አይገባንም። የቤላ ሻንጉል አገር በ1890 ዓ.ም. ገደማ በራስ መኰንን ጦር ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሲጠቃለል በወርቁ የታወቀ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ምድር የሚወጣው ወርቅ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰዎች እየተያዙ ወደ ሱዳንም ወደ ደጋውም ይሸጡ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ አገር ተወስዳ በደጋው ቤት ስታገለግል የኖረች ሴት የጌታዋን እንስራ ተሸክማ ወንዝ ትወርድ ነበር። የራስዋ ቤት ዕቃ፣ የእናትዋ ጋን፣ የመንደርዋ ጎተራ ኋላዋ ቀርቷል። በኩባ እንደ ሆነው ሁሉ እርስዋም በአዲስ ዕቃ የድሮውን ኪዳን አቆይታ ይሆን? ይህን ለመጠየቅ የሞከርን ጥቂቶች ነን። ምክንያቱም ለእርስዋና ለወገኖችዋ የነበረን ስም አንድ የስድብ ቃል ብቻ ነበር፤ ሻንቅላ የሚለው። ዛሬም ይህ ቃል በማደሪያችንና በምግብ አዳራሻችን እንደ ቀልድ ሲወረወር ይሰማል። ሰውን በስሙ ያልጠራ ሰው ዕቃውን በስሙ ሊጠራ አይችልም።

ሌላም የምናስታውሰው አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የተዘረፈው ንብረት ብዙ ነው። ከዚያም መካከል በዳግማዊ ኢያሱና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በጎንደር የተሠራው የወርቅ ጽዋ ይገኛል፤ ዛሬም ያለው በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ይህን ስንሰማ ሁላችን እንቆጣለን፤ ልንቆጣም ይገባል። ጽዋ የተሠራው ቆራቢ ሊቀበልበት እንጂ ተመልካች በመስተዋት ውስጥ ሊያየው አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሚዛን ራሳችንን እንመዝን። አንድ ተማሪ ወይም ተመራማሪ ከጉሙዝ መንደር የሥርዓት ጋን በጥቂት ብር ገዝቶ፣ ባለቤቱ ለምን እንደሚሠራበት ሳይጠይቅ፣ ወደ ከተማ አምጥቶ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ከለንደኑ ሙዚየም የሚለየው በምንድን ነው?

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ስል ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ከሃይማኖት ወገን የሚመጣ ነው። «እኛ ክርስቲያን ነን» ወይም «እኛ ሙስሊም ነን፤ ስለ መናፍስት ጋንና ጎተራ መናገር ጣዖትን ማክበር አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። የሰውን እምነት ማወቅና እምነቱን መቀበል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ጉሙዙ ጋኑን አምላኬ ነው አይልም፤ እኛም ጽዋውን አምላካችን ነው እንደማንል ሁሉ። ዕቃው የሚያስተምረን ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ፣ ለማን አደራ እንደሚሰጡ፣ የታረቀውን በምን እንደሚያትሙት ነው። ይህን ማወቅ የማንንም እምነት አያጎድልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥልጣኔ ወገን የሚመጣ ነው። «ሸክላ ይሰበራል፣ ከባድ ነው፤ ጄሪካን ቀላል ነው፣ አይሰበርም። ልጃገረዶች እንስራ ተሸክመው ወገባቸው እንዲጎብጥ ትፈልጋለህ ወይ?» ይላል። እኔ በዚህ ተቃውሞ እስማማለሁ። እንስራ ባዶውን እንኳ ይከብዳል። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ በትር አጋድማ ሸክምዋን ግራና ቀኝ አንጠልጥላ ሚዛን ጠብቃ የምትሄደው ለውበት ብላ አይደለም፤ ሸክሙ ከባድና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው። ውሃ በቧንቧ ቢደርሳት፣ ካልሆነም በጄሪካን ብትቀዳ እሰየው ነው። የኩባው ሶፔራ ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ ዕቃ ሊለወጥ ይችላል። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ለውጡን የሚወስነው ማን ነው? ባለቤቱ በፈቃዱ ሲለውጥ አንድ ነገር ነው፤ ተንቆ፣ አፍሮ ወይም ተሳዶ ሲጥል ሌላ ነው።

ተሳዶ ያልኩት በዘመናችን ስላየነው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ተገድሏል፤ ጉሙዙም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም በብዙ ሺህ እየተቆጠረ ከቀየው ተፈናቅሏል። ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ልጁን ይይዛል እንጂ ጋን አይሸከምም። ጎተራውም ቆሞ ይቀራል፤ ካልተቃጠለ። በሌላም በኩል በጉባ ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችን ደስ ብሎናል፤ የአገር ሥራ ነውና። ይሁን እንጂ ውሃው የተኛበት ምድር የጉሙዝ መንደሮች የነበሩበት ነው፤ ሰዎቹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ያ ሐይቅ ራሱ አገር የሚያክል ዕቃ ነው። ከላይ በተናገርነው መለኪያ ብንለካው፣ ሲሞላ ለብዙዎች መድረስ አለበት፤ ከብዙዎቹም መካከል ቦታቸውን የለቀቁት መቆጠር አለባቸው።

ስለ ሠሪዋ

አሁን ወደ አባታን ስም ልመለስ።

በደጋው አገራችን ሸክላ ሠሪ ምን ትባል እንደነበረ ታውቃላችሁ። ወጡን የምንሠራው በድስትዋ፣ እንጀራውን የምንጋግረው በምጣድዋ፣ ቡናውን የምናፈላው በጀበናዋ ነው። እርስዋን ግን ቡዳ ናት ብለን ከመንደር ዳር አስቀመጥናት፤ ልጅዋን አላገባንም፣ አብረናትም አልበላንም። ሸክላ ሠሪው ብቻ አይደለም፤ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ፋቂውም እንዲሁ ነበር። ጽዋውን አክብረን የጽዋውን ሠሪ ናቅን። በእጅዋ የተሠራውን ቀደስን፣ እጅዋን ግን ረከስን።

በጉሙዝ መንደር ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ሸክላ በመሥራትዋም የምትነቀፍ ሴት የለችም። ጋንዋን ሠርታ ከሌሎቹ ጋር ከዚያው ጋን ትጠጣለች። በገላዋ ያለውን ምልክት በጋኑም ላይ ታደርጋለች፤ ማፈር ቀርቶ በዕቃው ላይ ራስዋን ትጽፋለች። እንግዲህ ክቡራን መምህራን፣ ሠለጠንን ከምንለው ከእኛና ኋላ ቀር ከምንላቸው ከነሱ መካከል፣ በዚህ ነገር ማን ነው ለማን ማስተማር የሚገባው? የምዕራቡ ቆላ ለደጋው የሚሰጠው ትምህርት አለው፤ ትምህርቱም አንድ ነው፤ ዕቃን ከሠሪው ለይቶ ማክበር አይቻልም።

ምን እናድርግ

ንግግር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ለማኅበራችን አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዕረፍት ወራት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ደብተር እንያዝ። ከአሶሳ፣ ከመንጌ፣ ከኩርሙክ፣ ከባምባሲ፣ ከመተከል የመጣችሁ ጓደኞቼ ስለ ቅላችሁና ስለ ጋናችሁ ጻፉ። ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከወለጋ የመጣነውም ስለ ጽዋችን፣ ስለ ጀበናችንና ስለ ጮጯችን እንጻፍ። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው። የዕቃው ስም በባለቤቱ ቋንቋ ምንድን ነው? ማን ሠራው? ለየትኛው ቀን ይወጣል? ማን ይነካዋል፣ ማንስ አይነካውም? ሲሰበር ምን ይደረጋል? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሰበረ ዕቃ በክብር የሚቀመጥ ከሆነ ወይም እንዲያው የሚጣል ከሆነ፣ ኪዳኑ የት እንዳለ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፤ ሥርዓት እየተፈጸመበት ያለን ዕቃ አንግዛ፣ አንለምን፣ በፎቶግራፍም ያለ ፈቃድ አናንሣ። ሙዚየም ጠላት አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ብዙ ቅርስ ከመጥፋት አድኗል። በገነተ ልዑል ያለውም ሙዚየሙ ዕቃዎቹን በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት እስከ ሞት፣ ማሳየቱ ዕቃና ሰው እንዳይለያዩ የሚረዳ መልካም አሠራር ነው። ለሙዚየም የሚሆነው ግን ባለቤቱ በፈቃዱ የሰጠው፣ ወይም ለማሳያ ተብሎ እንደ ገና የተሠራው ይሁን።

ሦስተኛ፤ የሠሪዋ ስም ይጻፍ። ፈቃድዋ ከሆነ ስምዋ፣ መንደርዋና የተማረችበት ሁኔታ ከዕቃው ጋር ይመዝገብ። ቅር የሚላት ከሆነም ይህንኑ እናክብር። አንድ የሥዕል ሸራ ያለ ሠዓሊው ስም የማይሰቀል ከሆነ፣ አንድ ጋን ያለ ሠሪዋ ስም የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፤ ማኅበራችን በሚቀጥለው የባህል ሳምንት ሸክላ ሠሪዎችንና የዋዛ ነፊዎችን ሲጋብዝ እንደ መምህር ይጋብዛቸው። መምህር ሲጋበዝ ወንበር ይሰጠዋል፣ ይደመጣል፣ አበልም ይከፈለዋል። እነርሱም እንዲሁ ይደረግላቸው። ዋዛው ከመነፋቱ በፊትም ነፊዎቹ ይጠየቁ፤ ይህ ወር ለዋዛ የሚሆን ወር ነው ወይ? አይደለም ካሉ በዓላችንን እናሻግር። በዓል ማሻገር ከብዶን አያውቅም፤ ለፈተና ስንት ጊዜ አሻግረነዋል።

ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ አባቶቻችን ቅል ባገሩ ደንጊያ ይሰብራል ይላሉ። ይህን ተረት የምንናገረው ብዙ ጊዜ ስለ ሰው ነው፤ በባዕድ አገር የተናቀ ሰው በአገሩ ኃይል አለው ለማለት። ዛሬ ግን ስለ ቅሉ ስለ ራሱ እናስበው። ቅሉ ደንጊያ የሚሰብርበት አገር ባለቤቱ ያለበት፣ ሠሪው የሚከበርበት፣ ወራቱ የሚጠበቅበት አገር ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከየአቅጣጫው የመጣን ሁሉ የምንኖርበት እንደ መሆኑ መጠን የሁሉም ቅል አገር ሊሆን ይገባዋል። ሊቀ መንበሩ ቢፈቅዱ አራቱን ሐሳቦች አንድ በአንድ ለውይይት አቀርባለሁ፤ የሚቃወም ካለም በደስታ እሰማለሁ።